የወፍጮ ቤቱ ልጅ ዱቄት ስትለምን

«አልለምንም አልኩ፣ አልለምንም!» ናዝሬት ባዶውን ከረጢት ሶፋው ላይ ወረወረችው። «አባቷ ወፍጮ ቤት ያለው ልጅ ዱቄት ስትለምን የት አገር ታይቷል?»

እናቷ ጸሐይወርቅ ከረጢቱን አንስታ እጥፋቱን አቃናችው። «ስለት ነው፣ የኔ እመቤት። ነገ አቦ ነው። ሊጡ ዛሬ መቦካት አለበት።»

«ማን ተሳይ አለሽ? እኔን ጠይቀሽኛል?»

«መች አፍ ነበረሽና ልጠይቅሽ? ዓይንሽን መግለጥ እንኳ አቅቶሽ ነበር።»

እውነት ነው። ነሐሴ ላይ ታይፎይድ ጥሏት ነበር። ያኔ እናቷ መካኒሳ አቦ ደጅ ተንበርክካ ተሳለች፦ ልጄን ማርልኝ፤ በራሷ እግር ዞራ፣ በራሷ አፍ ለምና ዝክርህን ትዘክራለች። ናዝሬት ዳነች። ተመስገንም ብላለች። ታዲያ ጧፍ መግዛት አይበቃም? ጥላ ማስገባት አይበቃም? ልመና ምን አመጣው!

«አባዬ አንድ ኩንታል ይስጥና ይለቅ» አለች።

«ከሞላ ቤት አንስቶ መስጠትማ ማንን ያቅታል? አቡዬ ዱቄት የቸገራቸው መሰለሽ?» እናቷ ከረጢቱን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ በሩን ከፈተችላት።

እርር ድብን እያለች ወጣች። የመጀመሪያው ቤት ደግሞ የማን ይሁን? የራጉኤል! ከእሷ ጋር ዘጠነኛ ክፍል የሚማረው፣ በሰው ላይ መሳቅ ሥራው የሆነው ራጉኤል፣ ዎክማኑን ጆሮው ላይ እንደሰካ በሩን ከፈተ።

«ስለ አቡዬ... ስለት አለብኝ» አለች መሬት መሬቱን እያየች።

«ምን?» ማዳመጫውን አወለቀ። ከረጢቱን አየ። ከዚያማ ሳቁን ለቀቀው። «እማ! ነይ ጉድ እዪ! የጋሽ ምትኩ ልጅ ዱቄት ትለምናለች! ወፍጮው ተሰበረ እንዴ?»

እናቱ እየሮጠች መጥታ ተቆጣችው፤ አንድ ጣሳ ሙሉ ዱቄትም ከረጢቱ ውስጥ ገለበጠች። «እንኳን ለዚህ አበቃሽ፣ ልጄ» አለች። ናዝሬት የሰማችው ግን የራጉኤልን ሳቅ ብቻ ነበር። ነገ ከነገ ወዲያ ክፍል ውስጥ ምን ብሎ እንደሚያወራ ስታስበው ደሟ ፈላ። ፋራ!

ቀጥሎ የእትዬ ማናዬ ቤት ነው። እትዬ ማናዬ ቆሎ ሸጠው ሦስት የልጅ ልጆች የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። ናዝሬት የቆርቆሮ አጥራቸውን እያየች አለፈችው። ምን አላቸውና? ከድሃ ደጅ ቆሞ መለመን ነውር አይደለም? ደግሞ ለእሳቸው ያሰበች መሰላት።

ሌላ በር ማንኳኳትም አስጠላት። ጥምዝዝ ብላ ቀጥታ ወደ አባቷ ወፍጮ ቤት ሄደች። እናቷ ከየት እንደመጣ በምን ታውቃለች?

ወፍጮው ያጓራል። ሴቶች ከነስንዴያቸው ተራ ይዘዋል። ቱሉ፣ የአባቷ ሠራተኛ፣ ፊቱ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ሆኗል።

«ሙላልኝ» አለችው ከረጢቱን ዘርግታ።

«ለቤት ነው?»

«ሙላልኝ አልኩህ እኮ!»

ቱሉ በትልቁ ማንኪያ ከቤቱ ጆንያ ይዝቅላት ጀመር። ከረጢቱ ከግማሽ ሲያልፍ ከኋላዋ፣ «ይኼ ነው ልመናሽ?» የሚል ድምፅ ሰማች።

እትዬ ማናዬ ናቸው። ነጠላቸው ከትከሻቸው ተንሸራቷል፤ ያለከልካሉ። ተከትለዋት መምጣታቸው ነው።

«ቤት ለቤት እየዞረች ነው ሲሉኝ፣ ወደኔም ትመጣለች ብዬ ጣሳዬን አጥቤ በር ላይ ቆምኩ። አይተሽ እንዳላየሽ አለፍሽኝ! ምን በድዬሽ ነው?»

«ኧረ እንዳላስቸግርዎ ብዬ ነው። ልጆች አሉብዎት...»

«ያኔስ ልጆች አልነበሩብኝም?» የእትዬ ማናዬ ድምፅ ከወፍጮው በላይ ወጣ። «ያ ሁሉ ዝናብ እየወረደብኝ ጠዋት ጠዋት ከአቦ ጸበል ስቀዳልሽ፣ ያኔ አላስቸገርሽኝም? ጸበሌ ተጠጣ፤ ዱቄቴ ነው የተናቀው?»

ተራ የያዙት ሴቶች በሙሉ ዞረው አዩ። ናዝሬት አፏን ከፈተች። ማን ያምጡ አለዎት ልትል ነበር። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ቀረ። ያን ውሃ ታስታውሳለች። በትኩሳት ስትነድ ከንፈሯ ላይ ቀዝቀዝ ይል የነበረውን፣ ማጅራቷን ደግፎ ያጠጣትን ሻካራ እጅ ታስታውሳለች። የእናቷ እጅ ይመስላት ነበር። ማን እንዳመጣው አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም። ስትድን ሰው ሁሉ «ጠንካራ ልጅ» ሲላት ደስ ብሏት ነበር፤ ጠንካራ ነኝ ብላ። ፊቷ በእፍረት ጋለ። በራሷም ተናደደች፤ በራጉኤል ከተናደደችው የባሰ ተናደደች።

«ቱሉ፣ መልሰው» አለች።

«ምኑን?»

«ሁሉንም።»

«ከላይ ያለውን ብቻ ልቀንስልሽ። ይኼ ከታች ያለው...»

«ተቀላቅሏል። ምኑ የተለመነ፣ ምኑ ያልተለመነ እንደሆነ አይለይም። ሁሉንም መልሰው።»

ቱሉ ጆንያው ውስጥ ገለበጠው። የራጉኤል እናት ዱቄትም አብሮ ሄደ። ያ ማለት ያ በር እንደገና ይንኳኳል፤ ራጉኤልም እንደገና ይስቃል። ይሳቅ። ናዝሬት ባዶውን ከረጢት አራግፋ ወደ እትዬ ማናዬ ዘረጋችው።

«እዚህ የምን ዱቄት ይዤ?» አሉ እትዬ ማናዬ፣ አሁንም እንደተኮሳተሩ። «ደጄ ድረስ ነይ።»

ፊት ፊት ሄዱ፤ ናዝሬት ከኋላ ተከተለች። እሳቸው ወደ ውስጥ ሲገቡ እሷ ከቆርቆሮው በር ውጭ ቆመች። የልጅ ልጆቹ ወጥተው ከበቧት።

«ስለ አቡዬ ብለው፣ ስለት አለብኝ» አለች። ድምፅዋ ለመንገደኛው ሁሉ ይሰማ ነበር።

ከውስጥ ጣሳ የዱቄቱን በርሜል ታች ሲፍቅ ሰማች። እትዬ ማናዬ ጣሳውን ሞልተው መጡና አፈሰሱላት። ተመልሰው ገቡ። እንደገና ያ የመፋቅ ድምፅ። ሁለተኛውን ይዘው ሲወጡ «ኧረ ይበቃል፣ ለልጆቹ ይሁን» ልትል አሰበች። የሦስቱን ልጆች ፊት አየች፤ የእትዬ ማናዬንም ፊት አየች። ኩራት በኩራት ሆነው ቆመዋል።

ቃሉን ዋጠችው። ከረጢቱን በሁለት እጇ ሰፋ አድርጋ ከፈተችላቸው።