ውኃ የማይጠጡ ችግኞች

ማክሰኞ ጠዋት አቶ ባርናባስ ቤተሰቡን ደጅ ላይ አቁመው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ዛሬ ችግኞቹ ውኃ እንደሚጠጡ አስታወቁ። ቤተሰቡ ሁለት ሰው ነው፤ ሚስታቸው አሰገደችና የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዋ ልጃቸው ትንቢት። ችግኞቹም ዘጠኝ ቀን ሙሉ፣ በየጠዋቱ፣ ውኃ ሲጠጡ ነው የከረሙት።

«ዛሬማ ትንሽ ቀና ብለዋል» አለች አሰገደች።

«አረንጓዴው እየተመለሰ ነው» አሉ አቶ ባርናባስ።

«አዎ» አለች ትንቢትም። በጥቁር ፕላስቲክ የተተከሉት ስድስት መቶ የቡና ችግኞች ግን ቅጠላቸውን እንደ እርጥብ ጨርቅ አንጠልጥለዋል። አሮጌው ቡና አምና ተቆርጧል፤ እነዚህ ሊተኩት ነበር። ሌላ ቡና የላቸውም።

«ዘሩ ነው» አሉ አባቷ። «ሸምሰዲን የተበላሸ ዘር ነው የሰጠኝ። ቅዳሜ ሽማግሌ ፊት እናገረዋለሁ።»

ሸምሰዲን ጎረቤታቸው ነው፤ የቡና ዘር እያዘጋጀ በመሸጥ የሚኖር። ስሙ ከጠፋ ከወናጎ እስከ ገደብ የሚገዛው ሰው አያገኝም። ትንቢት ይህን ታውቃለች። ሌላም የምታውቀው ነገር አለ። ችግኞቹ ገና ሳይጠወልጉ፣ ቶሎ እንዲያድጉ ብላ፣ ለበቆሎ ከተገዛው ዩሪያ ማዳበሪያ አንድ ጣሳ ሙሉ በጥብጣ፣ ማንም ሳያያት አጠጥታቸዋለች።

ያን ቀን የባዮሎጂ መምህሩ አማኑ ሁለት የድንች ቁራጭ ይዘው ክፍል ገቡ። በንጹህ ውኃ ያደረው ጠንክሯል። በጨው ውኃ ያደረው እንደ አሮጌ ፎጣ ይታጠፋል።

«ኦስሞሲስ» አሉ። «ውኃ በሴሉ ስስ ሽፋን በኩል ጨው ወደበዛበት ጎን ይሄዳል። ጨዉ ውጭ ከበዛ፣ ውኃው ከሴሉ ይወጣል። የደም ሴልን ደግሞ ንጹህ ውኃ ውስጥ ብትከቱት፣ ውኃው እየገባ ይነፋዋል፤ በመጨረሻ ይፈነዳል። የተክል ሴል ግን አይፈነዳም፤ ዙሪያውን ግድግዳ አለው።»

«ተክል የራሱ ቤት አለው፤ እኛ ተከራይ ነን» አለች ሃሌሉያ ከኋላ ወንበር። ክፍሉ ሳቀ።

ትንቢት እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ጨው ብቻ ነው እንዲህ የሚያደርገው?»

«ስኳርም፣ ማዳበሪያም። አፈሩ ውስጥ ከበዛ፣ ሥሩ መጠጣት ሲገባው ራሱ ይመጠጣል።»

«ከዚያ ንጹህ ውኃ ብናጠጣውስ?»

«በጊዜ ከሆነ ይመለሳል። ሴሉ ከሞተ ግን ውኃውን ማን ይቀበለዋል?»

«ኧረ ቲቸር፣ ለቅሶ ቤት አስመሰሉት!» አለች ሃሌሉያ። ክፍሉ እንደገና ሳቀ። ትንቢት የታጠፈውን ድንች እያየች ቀረች።

ቤት ስትደርስ ሸምሰዲን ግቢያቸው ውስጥ ቆሟል። ወሬው ደርሶታል። ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ አንድ ችግኝ ይዞ መጥቶ ከእነሱ ችግኞች አጠገብ አስቀመጠው።

«ዘሩ ከዚያው ጆንያ ነው» አለ። «ራሴ የዘራሁት።»

«አፈርህ የተለየ ነው» አሉ አቶ ባርናባስ።

«አጥር ነው የሚለየን፣ ባርናባስ።»

ጎንበስ ብሎ ከአንዱ ፕላስቲክ አፈር ቆንጥሮ ምላሱን አስነካና ተፋው።

«ይሄ ያቃጥላል» አለ። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም። ትንቢት ቢቆጣ ትመርጥ ነበር።

«ዛሬም ውኃ ጠጥተዋል፤ ነገ ይሻላቸዋል» አለች አሰገደች፣ ለማን እንደሆነ ሳይታወቅ።

ትንቢት ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ መሬት ላይ አስቀመጠች።

«አይሻላቸውም፣ እማዬ። ሞተዋል። እኔ ነኝ፤ ዩሪያ አጠጥቻቸው ነው። አንድ ጣሳ ሙሉ። ዘሩ ምንም አልሆነም።»

ቁጣውን ጠበቀች። አሰገደች የሻሿን ጫፍ ማፍተልተል ጀመረች።

«አንድ ጣሳማ እኔም ጨምሬያለሁ» አለች ቀስ ብላ። «በዚያው ሰሞን። አባትሽ ይደሰታል ብዬ።»

እናትና ልጅ ወደ አቶ ባርናባስ ዞሩ። እሳቸው ዓይናቸውን ከሸምሰዲን ችግኝ ላይ አላነሱም።

«እኔ የዚያን ሳምንት እሁድ ነው የጨመርኩት» አሉ በመጨረሻ። «ከቸርች ስመለስ።»