ከኤልዶን መደርደሪያ የወረደው ባሩድ

ባሏ የሞተባት ሴት ደጅ ላይ መኪና ሲቆም፣ በመስኮት ሳታይ በር አትከፍትም። አርዲስም እንዲህ ሆናለች። ባሏ ኤልዶን ካረፈ አራት ወሩ ነው። በእነዚህ አራት ወራት ትራክተሩን የጠየቃት፣ የግጦሽ መሬቱን ልከራይ ያላት፣ "ልትሸጪው ካሰብሽ መጀመሪያ ለእኔ" ብሎ ድምፁን ዝቅ ያደረገባት ብዙ ነው። ሰዉ ክፉ ሆኖ አይደለም። በምዕራብ ደቡብ ዳኮታ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ስድስት ማይል ርቆ የሚኖር ሰው ነው፤ ዕቃም እንደ ልብ አይገኝም። እሷ ግን ከእያንዳንዱ ያዘነ ፊት ጀርባ የሚፈለግ ነገር መፈለግ ለምዳለች።

በግንቦት ለሦስተኛ ጊዜ የመጣው ጌይለን ነበር። ጌይለን የኤልዶን የረጅም ዘመን ጓደኛ ነው። ሁለቱም የከተማው ተኳሾች ማኅበር አባላት፣ ሁለቱም ጥይታቸውን በገዛ እጃቸው የሚሞሉ ነበሩ። የበረዶውን ወራት ከጎተራው ጎን ባለችው ክፍል ተቀምጠው የተተኮሰ ቀለህ ሲያጸዱ፣ ባሩድ ሲመዝኑ፣ እርሳስ ሲገጥሙ ያሳልፉታል። በረዶው ቀልጦ ፍልፈሎቹ ከጉድጓዳቸው ብቅ ሲሉ ያን ጥይት ይዘው ሜዳ ይወጣሉ። ፍልፈሉ ሣሩን እስከ ሥሩ ይግጣል፤ ላም በጉድጓዱ እግሯን ትሰብራለች። ስለዚህ ባለ ከብቱ ሁሉ ትንሿን ጠብመንጃ ይዞ ከሩቅ እያነጣጠረ ይቀንሰዋል።

"የኤልዶንን ክፍል ልይልሽ ብዬ ነው" አላት ጌይለን።

"ባለፈው መጥተህ ነበር።"

"ባለፈው ቁልፉ ጠፋ አልሽኝ።"

"ጠፍቶ ነበራ።" ቁልፉ ያኔም አሁንም ኪሷ ውስጥ ነው።

ጌይለን ፈገግ አለ። "አርዲስ፣ እኔ ከዚህ ቤት የምሰርቀው ነገር ቢኖር ያንን ኬክሽን ነው።"

"እሱም ተቆልፎበታል" አለችና ከፈተችለት።

ከኋላው ቆማ እጁን በዓይኗ ትከታተል ጀመር። መደርደሪያው ላይ ያሉትን የባሩድ ጣሳዎች አንድ በአንድ አየ። ያልተከፈቱትን በአንድ ወገን፣ የተከፈቱትን በሌላ ወገን ለየ። የአንዱንም ክዳን አላነሳም።

"ያልታሸገ ያልሆነውን ሽጪው" አለ፤ ወዲያው የተናገረው ተወሳሰበበትና ራሱ ሳቀ። "እሽጉን ሽጪው ማለቴ ነው። ዘንድሮ ሱቅ ውስጥ ባሩድ ጠፍቷል፣ ይሻሙልሻል። የተከፈተውን ግን ለማንም እንዳትሰጪ። ለእኔ ስጪኝና ላስወግድልሽ።"

ጥርጣሬዋ እዚህ ላይ ጆሮውን ቀጥ አደረገ። ከገበያ የጠፋ ዕቃ፤ "ለእኔ ስጪኝ"፤ "ላስወግድልሽ"።

"ምን ሆኖ ነው የሚወገደው?"

"ምን እንደሆነ አላውቅም። ችግሩም አለማወቄ ነው። ሰዉ ባሩድ ሲመርጥ ይሄ ፈጣን ነው፣ ያ ዝግተኛ ነው፣ ለትንሹ ቀለህ ይኸኛው ይሻላል እያለ መጽሐፍ ያገላብጣል። ደግ ያደርጋል። እኔ ግን ከሁሉ በፊት ማን ከፈተው ብዬ ነው የምጠይቀው። እኔ ካልከፈትኩት፣ ጣሳው ላይ የተጻፈው ለእኔ ወሬ ነው።"

"የከፈተው ኤልዶን ነዋ።"

"አውቃለሁ።"

"ኤልዶን በዚህ ሥራ ሲሳሳት አይተኸው ታውቃለህ?"

ጌይለን መሬት መሬት አየ። "መጨረሻው ላይ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ አርዲስ።"

"ሥራ አለብኝ" አለችና በሩን ይዛ ቆመች።

መኪናው ከዓይኗ እስኪጠፋ አልተንቀሳቀሰችም። ኤልዶን እኮ "ጠረጴዛው ላይ ከአንድ ጣሳ በላይ አይቀመጥም" ብሎ በገዛ እጁ ጽፎ ግድግዳው ላይ የለጠፈ ሰው ነው። ወጣቶቹን ሁሉ ያስተማረ እሱ ነው። አሁን መቃብሩ ላይ ሣር እንኳ በቅጡ ሳይበቅል፣ ባሩዱን ለመውሰድ ብሎ ስሙን ማንሳት! ሞቶ መልስ በማይሰጥ ሰው ላይ!

በማግሥቱ የእህቷ ልጅ ኮርቢን አጥር ሊጠግንላት መጣ። ኮርቢን የሠላሳ ሁለት ዓመት ጎልማሳ፣ የሁለት ልጆች አባት ነው። ኤልዶን ከታመመ ጀምሮ የአርዲስን ከብት የሚያየው፣ ጥጃ የሚያዋልደው እሱ ነው። ለቅዳሜ ፍልፈል ለመተኮስ አስቦ ለትንሿ ጠብመንጃው ባሩድ ፍለጋ አምስት ሱቅ ዞሮ ባዶ እጁን ነው የተመለሰው።

"የአጎትህ አለልህ" አለችው። "ጌይለን ትናንት ክፍሉ ገብቶ አይቶ ጣይው ብሎኝ ነበር።"

"ጣይው? ያ ሽማግሌ! አንቺ ስትጥዪ እሱ ከሥር ሊቀልብ!"

ሁለቱም ሳቁ። አርዲስ ከሳቀች ብዙ ጊዜ ሆኗታል፤ የገዛ ድምጿ እንግዳ ሆነባት። የጠብመንጃ ባሩድ የተጻፈበትን የተከፈተ ጣሳ ከመደርደሪያው አውርዳ በእጁ ሰጠችው።

ኮርቢን የኤልዶንን ደብተር ገልጦ ለትንሿ ጠብመንጃ ቀለህ የተጻፈውን ልክ አገኘ። ከመጽሐፉም ጋር አመሳከረ። በኤልዶን ሚዛን እየመዘነ ሃምሳ ጥይት ሞላ። ሁሉንም ነገር አመሳክሯል፤ ያላመሳከረው በጣሳው ውስጥ ያለውንና በጣሳው ላይ የተጻፈውን ብቻ ነው።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ስልክ ጮኸ።

"የተከፈቱት ጣሳዎች አሁንም አሉ?" አለ ጌይለን።

"ቤቴ ውስጥ ያለውን ልቁጠርልህ እንዴ?"

"አርዲስ፣ አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝ። ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ማንኪያ ነጭ ወረቀት ላይ በትኝና እይው። ፍሬው ሁሉ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ጌይለን ባሩድ ሊሰርቀኝ ነበር ብለሽ ለማኅበሩ ንገሪ። አጠገብሽ ቆሜ አዎ እላለሁ።"

ልታሳፍረው ብላ አደረገችው። ኮርቢን የተወውን ትራፊ አንድ ማንኪያ ቀድታ ወረቀት ላይ በተነች። የኤልዶንን ማጉያ መነጽር አንስታ ጎንበስ አለች። ፍሬው እንደ ተቆራረጠ ጥቁር ክር ነው፤ አጭር፣ ድብልብል፣ እኩል። እፎይ ልትል ስትል አንድ ሌላ ነገር አየች። በክሮቹ መሐል እንደ ዓሣ ቅርፊት ስስና ክብ የሆነ ፍሬ ነበር። አንድ ብቻ መሰላት። ወረቀቱን ስታነቃንቀው ብዙ ሆነ። ኤልዶን ለሽጉጡ ይጠቀምበት የነበረውን ባሩድ ከመደርደሪያው አውርዳ ከጎኑ በተነች። ያው ቅርፊት ነው።

ይህንን ለማወቅ ተኳሽ መሆን አያስፈልጋትም፤ አርባ ዓመት ሲያወሩ ሰምታለች። የሽጉጥ ባሩድ ፈጣን ነው፤ በአንዴ ቦግ ይላል። በጠብመንጃ ቀለህ ውስጥ ከዝግተኛው ጋር ከተቀላቀለ ብረቱ የማይችለው ግፊት ይፈጥራል።

እንዴት እንደሆነም ገባት። በዚያ በመጨረሻው የጥር ወር፣ ከሞቱ ጥቂት ቀን በፊት፣ ኤልዶን እዚህ ጠረጴዛ ላይ የሽጉጥ ጥይት ይሞላ ነበር። ምሳ ቀረበ ብላ ጠራችው። ቆየ። ደግማ ጠራችው፤ ድምጿን ከፍ አድርጋ። መስፈሪያውን ባሩድ እንደያዘ ትቶት መጣ። ከምሳ በኋላ ደክሞት ተኛ። በሌላ ቀን ተመልሶ መስፈሪያው ውስጥ የቀረውን ፊት ለፊቱ ባገኘው ጣሳ ገለበጠው። በቃ፣ ይኸው ነው።

ኮርቢን ዘንድ ደወለች፤ እሱ ያለበት ሸለቆ ውስጥ ስልክ አይሠራም። መኪናዋን አስነስታ በጠጠሩ መንገድ ከነፈች። የግጦሹን በር ልትከፍት ስትወርድ አንድ ተኩስ ሰማች። ድምፁ ከወትሮው የተለየ ነበር። ከዚያ ጸጥ አለ።

ኮርቢን ከመኪናው ጎን ተንበርክኮ የጠብመንጃውን መዝጊያ በእንጨት ይቀጠቅጣል። ቀኝ ጉንጩ ጠቁሯል፤ ከጆሮው ሥር ደም ይወርዳል። ለተኩስ ዓይኑ ላይ ያደረገው መነጽር አንድ ወገኑ በጥቃቅን ነጥብ ተበሳስቷል።

"ዓይንህ! ዓይንህን አሳየኝ!"

"ደህና ነኝ አክስቴ። ይሄ የተረገመ ጠብመንጃ! ስድስቱ ደህና ተተኮሱ፣ ሰባተኛው ፊቴ ላይ ተነፈሰብኝ። መዝጊያው አልከፈት አለ።" ጮክ ብሎ ነበር የሚያወራው፤ ጆሮው አይሰማም። "ግድ የለም፣ የአጎቴን ጠብመንጃ ይዣለሁ። የቀረውን በእሱ እጨርሳለሁ።"

የጥይቱን ሳጥን ሲያነሳ እጁን ያዘችው።

"ጠብመንጃው አይደለም ጥፋቱ። ባሩዱ ነው።"

"ባሩዱ የአጎቴ አይደል እንዴ?" ትንሽ አሰበ። ፊቱ ተለወጠ። "ቆይ፣ ያ ሽማግሌ ክፍሉ ገብቶ ነበር አላልሽም? ጣሳዎቹን ሲነካካ?"

አንድ ቃል ይበቃት ነበር። ዝም ብትል እንኳ ይበቃ ነበር። ኤልዶን እንደተከበረ ይቀራል፤ ጌይለንም ድሮውን የተጠረጠረ ሰው ነው። ግን እጁን በዓይኗ ስትከታተል የነበረች ራሷ ናት። ያ ሰው አንድም ክዳን አለማንሳቱን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

"ጌይለን ምንም አልነካም" አለች። "የተሳሳተው አጎትህ ነው። ታሞ ነበር፣ ተሳሳተ። እኔ ደግሞ ተነግሮኝ አልሰማሁም።"

ኮርቢን ሳጥኑን ለቀቀላት።

ሐኪሙ ዓይኑን ያዳነው መነጽሩ መሆኑን ነገራቸው። የቀኝ ጆሮው ግን እንደ ድሮው አይሆንም አለ፤ አልሆነምም። ዛሬ ልጆቹ በዚያ ወገን ሆነው ሲያወሩት ዞር ይላል።

ጌይለን ሰኞ ዕለት መጥቶ የተከፈቱትን ጣሳዎችና የቀሩትን ጥይቶች ወሰደ። "ብዬሽ ነበር" አላላትም። ልትጠይቀው የፈለገችውን ግን ጠየቀችው።

"ለምን ሦስት ጊዜ ተመላለስክ?"

"ኤልዶን ነው የላከኝ። ሆስፒታል ሆኖ፣ 'የተከፈተውን አትመን፤ እጄን አላምነውም፤ ለአርዲስ ግን እንዳትነግራት' አለኝ። እኔ ቂል ቃሌን ጠበቅሁ። የሞተውን ሳከብር ያለውን ላስገድል ነበር።"

አርዲስ ወደ መስኮቱ ዞረች። እስክትመለስ ድረስ ጌይለን ጣሳዎቹን መኪናው ላይ ጫነ።

በሰኔው የማኅበሩ ስብሰባ ላይ እጇን አውጥታ ተነሣች። በአርባ ዓመት ውስጥ በዚያ አዳራሽ ተናግራ አታውቅም።

"ኤልዶን በጥር ወር ሁለት ባሩድ ቀላቀለ" አለች። "ከእናንተ አብዛኛው ከእሱ የተማረ ስለሆነ ነው የምነግራችሁ። እሱ ከተሳሳተ እናንተም ትሳሳታላችሁ። መስፈሪያችሁን ሳታራግፉ ለምሳ እንኳ ብትጠሩ አትነሡ። ያልከፈታችሁትን ጣሳ አትመኑ፤ የአባታችሁ ቢሆንም፣ የባላችሁ ቢሆንም። እኔ ጣሳውን መጠርጠር ሲገባኝ ሰውየውን ጠረጠርኩ። ጣሳ ቢጠረጠር ስሙ አይጎድፍም።"

ተቀመጠች። ከኋላ አንድ ሽማግሌ ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ።

"ወዴት ነው፣ ስብሰባው አላለቀም እኮ" አለው ሊቀ መንበሩ።

"ቤት" አለ ሽማግሌው ኮቱን እየደረበ። "ልጄ ዛሬ ከሰዓት እኔ ከከፈትኩት ጣሳ ጥይት እየሞላ ነው።"