የወፍጮው ጉድጓድ

አባ ዱቄት በፋብሪካው አዳራሽ ውስጥ፣ ከወፍጮው ጉድጓድ አፍ፣ በሲሚንቶው ወለል ላይ ሞቶ ተጋድሟል። ግራጫ የብረት ብናኝ ከቅንድቡ ስለማይጠፋ ነበር ስሙ የወጣለት፤ ሚስቱ ማታ ማታ ደጅ ላይ ሳታራግፈው ቤት አታስገባውም ይባል ነበር። ሐኪሙ «ልቡ ነው» ብሎ ሄዷል። ሚስቱ ግን አልተዋጠላትም፤ መርማሪዋን ያስጠራችው እሷ ናት።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ቀጭን ናት፣ ስትጠይቅም ትወጋለች። ጎንበስ ብላ ጉድጓዱን ቃኘች። ጩኸቱ እንዳይረብሽ ወፍጮውን ከወለሉ በታች፣ የሰው ቁመት በሚያህል ጥልቀት ተክለውታል። የጉድጓዱን አየር የሚጠርግ አሮጌ ማራገቢያም ግድግዳው ላይ አለ።

«ምንድን ነው የሚፈጨው?» ስትል ሽማግሌውን የወፍጮ ሠራተኛ ጠየቀችው።

«አሉሚኒየም ነው፣ እመቤቴ። ከሱ ጋር ዓይን የማያየው የሴራሚክ ብናኝ ይገባል። የብረት ኳሶቹ ሲደበድቡት ሴራሚኩ በአሉሚኒየሙ ውስጥ እኩል ይበተናል። ከዚያ ታምቆ በእሳት ሲያልፍ ክብደት ሳይጨምር ይጠነክራል። የሰው ሠራሽ እግር ዘንግ እንሠራበታለን።»

«ይሄ ሲሊንደርስ?»

«አርጎን የሚባል ጋዝ ነው። የላመ አሉሚኒየም አየር ካገኘ ይቀጣጠላል፤ ስለዚህ የወፍጮውን ጋን በአርጎን እንሞላዋለን። ዛሬ ጠዋት ሙሉውን የገጠምኩት እኔ ነኝ።»

መርማሪዋ የሲሊንደሩን መለኪያ አየች፤ ባዶ ነው። መዝጊያውን ሞከረችው፤ ጠብቆ ተዘግቷል። ከሲሊንደሩ የሚመጣው ቱቦ ከጋኑ ተነቅሎ ጉድጓዱ ውስጥ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ አንዲት አይጥ በጀርባዋ ተዘርራለች፤ ቁስል የላትም።

«ይቺም የልብ በሽተኛ ነበረች?» አለች መርማሪዋ።

የሟቹ ታናሽ ወንድም ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ዓይኑ ደም መስሏል።

«አዳራሹ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን» አለ። «እዚያ ጥግ ካለው ቧንቧ እጄን ታጥቤ ዞር ስል ጉድጓዱ ውስጥ ወድቋል። ዘልዬ ገባሁና አቅፌ አወጣሁት። ከዚያ ጮህኩ።»

«ወዲያው ነው የገባኸው?»

«ወንድሜ እኮ ነው! ትንፋሽ እስክወስድም አልቆየሁም።»

«የግድግዳውን ማራገቢያ ነክተሃል?»

«ምን ሊሠራልኝ?»

ሚስትየዋን ከግቢው ማዶ ባለው ቢሮ አገኘቻት።

«ወንድማማቾቹ ሰላም ነበሩ?»

«እስከ ባለፈው ሳምንት ድረስ። ሰው ሠራሽ እግር የሠራንላት ሴት እግሩ ደረጃ ላይ ተሰበረባት። ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ጽንሱ አልተረፈም። ባሌ ስብራቱን መረመረው። ሴራሚኩ እንዳልታሸ ሊጥ ጓጉሎ አገኘው። ያን ጊዜ ወፍጮውን የያዘው ወንድሙ ነበር፤ ሥራው ቶሎ እንዲደርስለት በደንብ ሳይፈጭ አወጣው። ባሌም ‹እግሮቹን ሁሉ እንሰብስብ፣ ጥፋታችንን እንናገር› አለው።»

«እሱስ?»

«‹ስሜን ከምትቀብር እኔን ቅበረኝ› አለ።»

መርማሪዋ ወደ ሽማግሌው ተመለሰች።

«አደጋው ሲደርስ የት ነበርክ?»

«አዳራሹ ደጃፍ ላይ፣ ከዘበኛው ጋር ምሳ ስበላ። ሌላ በር የለውም፤ ማንም ሲገባ አላየንም። ያ አሮጌ ማራገቢያ መንኳኳት ሲጀምር ሰማን። እሪታው የመጣው ቆይቶ ነው።»

ዘበኛውም ይህንኑ መሰከረ። መርማሪዋ ሁሉንም በጉድጓዱ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«አርጎን ቀለምም ሽታም የለውም» ስትል ጀመረች። «ከአየር ስለሚከብድ ጉድጓድ ካገኘ እንደ ውሃ ይተኛበታል። እዚያ የገባ ሰው ሳያውቀው ይወድቃል፤ አይጧም እንዲሁ። ቱቦው በራሱ ተነቅሎ ቢሆን ጋዙ ሲያልቅ መዝጊያው ክፍት ይቀር ነበር። ግን ተዘግቷል። የዘጋው እጅ አለ።»

«ሲሊንደሩን የገጠመው እሱ ነው!» አለ ታናሽየው ሽማግሌውን እየጠቆመ።

«እሱ ደጃፍ ላይ ነበር። ሚስቱም በዚያ በር አላለፈችም። አዳራሹ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን ያልከኝ ደግሞ አንተው ነህ።» መርማሪዋ ድምፅዋን አላነሳችም። «ወዲያው ዘልዬ ገባሁ አልክ። እውነት ቢሆን ኖሮ አሁን የምናነሳው ሁለት ሬሳ ነበር። አንተ ግን በደህና ገብተህ በደህና ወጣህ፤ ማራገቢያው ጋዙን ጠርጎልሃላ። ማራገቢያው ደግሞ የተነሳው ከመጮህህ በፊት ነው። ጋዝ መኖሩን የማያውቅ ሰው ወንድሙ ወድቆ እያየ ማራገቢያ አስነስቶ አይጠብቅም።»

ታናሽየው ወደ ጉድጓዱ አቀረቀረ።

«መጨረሻ ላይ ምን አለ?» አለች ሚስትየዋ። «ባሌ፤ ምን አለህ?»

«ወፍጮው እምቢ አለኝ ብዬ... እንዲያየው አስገባሁት።» ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። «‹ባለ አሥራ ሰባቷን የብሎን መፍቻ አቀብለኝ› አለኝ።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«አቀበልኩት።»

ሲወስዱት አልተከተለችውም። የባሏን ፊት በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«እግር ለሠራንላቸው ሁሉ ደውልላቸው።»

«ምን ልበላቸው፣ ልጄ?»

«አውልቁት በላቸው። ለምን ብለው ሲጠይቁህ ስልኩን ለእኔ ስጠኝ።»