ከደፍ ሥር የወጣው ችቦ

እኔ በእንዲህ ያለ ነገር የማላምን ሴት ልጅ ነኝ፣ አስቀድሜ ልንገራችሁ። የቄስ ልጅ ስለሆንኩ ጸበል ቦታ ስንቱ ሲጮኽ አይቻለሁ፣ ጓደኞቼ እገሌ ቡዳ ነው፣ እገሊት ጅብ ትሆናለች ሲሉ ከት ብዬ የምስቀው እኔ ነኝ። አሁን የምጽፈው ግን በገዛ ዓይኔ ያየሁትን ነው፣ አልጨመርኩበትም፣ መጨመር እንኳ ብፈልግ ከዚህ በላይ ምን ይጨመራል?

ክረምት ነበር፣ ወንድሜ ኃይሉ ከደብረ ብርሃን ትምህርት ቤት ለእረፍት መጥቷል፣ ቤታችን ከሞላሌ ብዙም አይርቅም። ኃይሉ በዚያ ዓመት አንድ አመል ይዞ መጣ፣ የጣልያን ዕቃ ይሰበስባል፣ ንጉሣቸው ያለበት የሊሬ ሳንቲም፣ የወታደር ቁልፍ፣ የዛገ ማንኪያ ሳይቀር፣ ሁሉንም በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ጥጥ አንጥፎ እንደ ጨቅላ ያስተኛቸዋል። አባባ "ሰው ጠላቱን በጥጥ ያስተኛል?" ሲሉት፣ "አባባ ታሪክ ነው፣ ነገ ጣልያን አልመጣም ቢሉን በምን እናሳያለን?" ይላቸዋል። እውነቱን ለመናገር እኔም ልክ ነው ብዬ ነበር፣ ዛሬም ግማሹ ልክ ይመስለኛል።

አያ ወልዴ የሚባሉ ጎረቤት አሉን፣ ከበግ ጠጉር ባና የሚሠሩ ሸማኔ ናቸው፣ ዓይነ ስውር እናታቸው እማማ ትርንጎም አብረዋቸው ይኖራሉ። ጎርፍ የበራቸውን ደፍ ስላነቃነቀው ኃይሉ ሊያግዛቸው ሄደ፣ ድንጋዩን ገልበጥ ሲያደርጉት ከሥሩ ባርኔጣ ላይ የሚሰካ የነሐስ ምልክት ተገኘ። ኃይሉ ዓይኑ በራ። "አያ ወልዴ፣ ይስጡኝ" አለ፣ የቄስ ልጅ ለምኗቸው እንዴት እምቢ ይበሉ፣ አንገታቸውን አከክ አከክ አድርገው "እንግዲህ... ውሰደው" አሉት።

ቤት አምጥቶ ሲያሳየን እማዬ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ "ውይ፣ የመስቀል ችቦ!" አለች። እኔም ችቦ ነው ያልኩት፣ እንጨት ተደርድሮ፣ በጠፍር ታስሮ፣ ምኑ ይለያል? ኃይሉ በሳቅ ሞተ።

"እማዬ፣ ችቦ መጥረቢያ አለው እንዴ? የፋሽስት ምልክት እኮ ነው!" ብሎ በጥፍሩ ስለቱን አሳየን። መጥረቢያውን አንዴ ካየሁት በኋላ ችቦው ጠፋብኝ፣ ብፈልግ ብፈልግ አልመለስ አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን የተቃጠለ የሣር ክዳን ይሸት ጀመር። እማዬ ምድጃውን ጠረገች፣ እኔ ጣራውን አየሁ፣ ምንም የለም። ቀጥሎ ከቆርቆሮው ውስጥ ቀጭ... ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ፣ ደረቅ ጭራሮ እሳት ሲይዘው እንደሚያደርገው ያለ። ኃይሉ "ቆርቆሮ ሲበርደው ይጮኻል፣ ፊዚክስ ነው" አለኝ፣ እኔም ፊዚክስ የሚለውን ቃል ስለወደድኩት ነገሩን ተቀበልኩት።

በዚሁ ሰሞን እማማ ትርንጎ ቤታቸው አልገባም አሉ። ጠዋት ፀሐይ ሞቀው ሲመለሱ ደፉ ላይ ቆሙ፣ በእግራቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት፣ "ይኼ የእኔ ቤት አይደለም" ብለው ዞሩ። ማንም ምንም አልነገራቸውም፣ እመኑኝ፣ አያ ወልዴ ራሳቸው የእናታቸውን ቁጣ ፈርተው ደብቀዋቸው ነበር። ቢለመኑ እምቢ፣ ቢጎተቱ እምቢ፣ ከበጎቹ ጋር ጋጣ ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። የመንዝን ሐምሌ የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ ጎልማሳ እንኳ ደጅ አድሮ በጤና አይነሣም፣ እሳቸውን ሳል ያዛቸው፣ ምግብም እየተዉ ሄዱ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጉሙ ደጃችን ድረስ ወረደ። ሌሎቹ የሉም፣ እኔ ምድጃ አጠገብ የበግ ጠጉር እፈትላለሁ፣ በሩ ክፍት ነው።

"ቤቶች!" አለ አንድ ድምፅ፣ ቀጭን የሴት ልጅ ድምፅ።

በእኛ አገር ጉም ውስጥ ለሚጣራ ቶሎ አቤት አይባልም፣ እኔ ግን የማላምን አይደለሁ፣ "አቤት፣ ማነሽ? ግቢ!" አልኩ። አልገባችም። ወደ ላይ ሁሉም ጉም ነው፣ የምድጃው ብርሃን የደረሰው እግሯ ላይ ብቻ ነው፣ የእኔን የሚያህል እግር፣ አልቦ ያጠለቀ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ አመድ የለበሰ። አንዱን እግሯን አንሥታ ደፋችንን ዳበሰችው፣ ወዲህ፣ ወዲያ፣ ሰው በጨለማ ጫማውን በእግሩ እንደሚፈልግ።

"ግቢ እንጂ!" አልኩ፣ የእኔም ድምፅ ቀጥኖ። እግሩ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ አልቦው አንዴ ቃጨለ። ሮጬ ብወጣ ማንም የለም፣ ያ ሁሉ ጭቃ ላይ የዶሮ ዱካ እንኳ የለም።

ኃይሉ ከአባባና ከእማዬ ጋር ሲመጣ ነገርኩት። "ደግሞ ልብ ወለድ መፍጠር ጀመርሽ!" አለኝ። ይህን እያለ አያ ወልዴ በዝናብ የራሰ ባናቸውን እንደለበሱ ከች አሉ፣ ተቀመጡ ቢባሉም አልተቀመጡም።

"አንተ ልጅ፣ እናቴ ልትሞትብኝ ነው" አሉ። "ጣልያን ቤታችንን ሲያቃጥል እህቴ ውስጥ ነበረች። እናቴ ልጇን ፍለጋ አመዱን ስትዝቅ እጇ የገባው ያ ነገር ነው። ቤቱን መልሰን ስንሠራ ከደፉ ሥር ቅበሩልኝ፣ ወጪ ወራጁ ይርገጠው አለችን። ይኸው እስከ ዘንድሮ ስትረግጠው ኖረች።"

ኃይሉ ቆርቆሮውን ደረቱ ላይ አስጠጋ። "አያ ወልዴ፣ እኔ እኮ ላከብረው አይደለም፣ እንዳይረሳ ብዬ ነው።"

"እኛስ መች ረሳነው? አንተም አስቀመጥከው፣ እኛም አስቀምጠነው ነበር። እኛ ከእግር በታች፣ አንተ ጥጥ ላይ። ልዩነቱ እሱ ነው።"

አባባ ኃይሉን አዩት። ኃይሉ ምልክቱን ከቆርቆሮው አውጥቶ ተነሣ፣ ሁላችንም ተያይዘን ወደ ጋጣው ሄድን።

እማማ ትርንጎ በሁለት በጎች መሐል ተኮራምተዋል። ያየሁትን ነገርኳቸው፣ ሰሙኝና "አልቦ አድርጋ ነበር?" አሉኝ።

"አዎ፣ እማማ።"

"አመዱስ እስከ የት ደርሷል?"

"እስከ ቁርጭምጭሚቷ።"

"ገና ነው እንግዲህ" አሉ፣ ረጋ ብለው፣ ስለ ማሳ የሚያወሩ ነው የሚመስሉት።

ኃይሉ ምልክቱን መዳፋቸው ላይ አኖረላቸው። እኔ ጭንቅ ሲለኝ አፌ ዝም አይልም፣ "እማዬ እኮ የመስቀል ችቦ መስሏት ነበር" አልኩ። ሳል እያቋረጣቸው ሳቁ፣ "አልተሳሳተችም፣ ችቦ ነው። የለኮሱት ቤቴ ላይ ነው እንጂ" አሉ።

ኃይሉ በገዛ እጁ ከደፋቸው ሥር ቆፍሮ ቀበረው፣ ድንጋዩን መለሰበት። እማማ ትርንጎ በልጃቸው ተደግፈው መጡ፣ ረገጡት፣ ጥቂት ቆሙበት፣ "አለ" ብለው ገቡ። ያን ቀን እህል ቀመሱ፣ ሳሉም ከክረምቱ ጋር ለቀቃቸው። ኃይሉ ሊሬዎቹን ይዞ ወደ ትምህርቱ ተመለሰ፣ ጥጡን ግን አውጥቶ ጥሎታል፣ ሲራመድ ቆርቆሮው ይንኳኳል።

"ገና ነው" ያሉት ምኑን እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም፣ አልደፈርኩም።

ከዚያ ወዲህ ሰው በበር ሲገባ እግሩን ማየት ልማድ ሆነብኝ። ትናንት እማዬ እንስራ አዝላ ስትገባ አየኋት፣ ያን ሁሉ ሸክም ተሸክማ እግሯን ከፍ አድርጋ ደፋችንን ተሻገረችው፣ የተኛ ሰው እንደምትሻገር።

"እማዬ፣ ለምንድን ነው የማትረግጪው?"

"ምኑን?"

"ደፉን።"

እንስራውን አወረደችና አሰብ አደረገች። "እኔ እንጃ፣ ሙሽራ ሆኜ ስመጣ አባትሽ አትርገጪው አሉኝ፣ ይኸው ለምዶብኝ ቀረ።"

ያ አመድ የለበሰ እግርም ሲዳብስ የነበረው ይኸንኑ የእኛን ደፍ ነው። አባባ መደቡ ላይ ዳዊት ይደግሙ ነበር። "አባባ፣ ከእኛ ደፍ ሥር ምን አለ?" አልኳቸው።

ቀና አላሉም። ገጹን ገለጡ፣ ከንፈራቸው ግን መንቀሳቀሱን አቁሟል።