ደሜ አፍ የለውም

ኳ፣ ኳ፣ ኳ የሚል የብረት ድምፅ ከኮረብታው ላይ ወረደ።

በዚያ ዘመን ዲላ ውስጥ ይህን ድምፅ የማያውቅ አልነበረም። በሐኪም ቤቱ በር ላይ የተሰቀለው አሮጌ የመኪና ቸርኬ ሲመታ፣ ደም የሚያስፈልገው በሽተኛ ገብቷልና ፈቃደኛ ሰው ይምጣ ማለት ነበር። ሕዝቡ ግን ቸርኬውን በሰማ ቁጥር ሥራ ይበዛበታል። ገበያ የሌለው ገበያ ይሄዳል፤ እንግዳ የሌለው እንግዳ አለብኝ ይላል።

አትጠገብ በጓሮ እንሰት እየፋቀች ነበር። የባሏ አክስት ካሳነሽ ብድግ ብላ በሩን ዘጋችው።

«የሰው ደም ቀድተው ምን እንደሚያደርጉት እነሱ ያውቃሉ» አለች።

ወዲያው በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታቸው ነበር፤ እያለከለከ። «አቶ ይርጋ የቡናውን ጥላ ሲመለምሉ ከዛፍ ወድቀዋል። ቸርኬው የሚመታው ለእሳቸው ነው።»

አቶ ይርጋ የካሳነሽ ወንድም፣ የአትጠገብ አማት ናቸው። በአገሩ ደንብ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። አትጠገብማ ከስማቸው የሚገጥመውን ቃል ሁሉ ስለምትሸሽ፣ ይርጋጨፌ ደርሳ ስትመጣ እንኳ «ጨፌው ጋ ነበርኩ» ነው የምትለው።

ሐኪም ቤት ሲደርሱ ድሬሰሩ ወልዱ ቀድሞ የደረሰውን የባሏን የታረቀኝን ደም መርምሮ ጨርሷል።

«ካባትህ ደም ጋር ይስማማል» አለው።

ታረቀኝ ወደ መሬት አየ። «ጋሽ ወልዱ፣ ወንድ ልጅ ደሙ ከወጣ ጉልበቱ አለቀ። የዘንድሮን ቡና ማን ይለቅመዋል?»

«ሰውነትህ ይተካዋል። እኔም ሰጥቼ ይኸው ቆሜያለሁ። ግን አላስገድድህም፤ ደም በፈቃድ እንጂ በግድ አይወሰድም፤ አይሸጥምም።»

ታረቀኝ ውጭ ወጥቶ ግድግዳውን ተደገፈ። አባቱን ይወዳል፤ ፍርሃቱ ግን በለጠበት።

«የእኔን እዩልኝ» አለች አትጠገብ።

ካሳነሽ ነጠላዋን ያዘቻት። «የምራት ደም ላማት? ስማቸውን እንኳ የማትጠሪ ሴት!»

«ስማቸውንማ አልጠራም፣ እትዬ። ደሜ አፍ የለውም።»

ወልዱ ሳቁን ዋጠ። «እርጉዝ ነሽ? ታጠቢያለሽ?»

«አይደለሁም። ልጄንም ጡት አስጥዬዋለሁ።»

መረመራት፤ ተስማማ። ደሟ በቱቦው ሲወርድ እያየች፣ ሙሽራ ሆና የመጣች ዕለት በዝናብ የረጠበ እግሯ እንዲደርቅ እሳት ያስነደዱላትን እኚህን ሽማግሌ አሰበች።

አቶ ይርጋ ዳኑ። ቤት ገብተው ቤተሰቡ ለምሳ በተሰበሰበበት ቀን ጎመኑን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

«ጎመን ወድጄ አላውቅም ነበር» አሉ። «ይቺ ጎመን ወዳድ ልጅ ናት ከውስጥ ሆና አምጣ የምትለኝ።»

ሁሉም ሳቁ። ታረቀኝ ብቻ አንገቱን ደፋ።

«ልጄ፣ ከዛሬ ጀምሮ ስሜን ጥሪኝ። በደም ሥሬ እየዞርሽ በምላስሽ ብትፈሪኝ ምን ይባላል?»

አትጠገብ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። «እሱንስ አልችልም፣ አባባ።»

ወገኖቼ፣ ለሰው ከሰውነታችን ቀንሰን የምንሰጠው ነገር አያጎድለንም። የሚያጎድለን ሰው ሲጠራ የምንዘጋው በር ነው። ዛሬ ለማናውቀው የሚመታ ቸርኬ ነገ ለአባታችን ይመታል።

ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

ካሳነሽ እንደ ልማዷ ወደ በሩ እጇን ዘረጋች።

«ተይው፣ ይከፈት» አሉ አቶ ይርጋ።

ታረቀኝ የያዘውን ቆጮ ሌማቱ ላይ መለሰ። ኮቱን ከምስማሩ አውርዶ ለበሰ።

«ምሳህን ሳትጨርስ ወዴት ነው?» አለች አክስቱ።

ታረቀኝ ሚስቱን አንዴ አያት፤ በተከፈተው በር ወጥቶ የኮረብታውን መንገድ ያዘ።