ነጯ ዶሮና የአባባ ቾል ውሻ

አባንግ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ቤቷ ጋምቤላ ከተማ፣ ከባሮ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ፣ ትልቅ የማንጎ ዛፍ ያለበት ግቢ ውስጥ ነው። አባቷ ኦሞት አናጢ ነበር። ጊዜው ክልሉ ገና የተቋቋመበት ስለነበር ለአዳዲሶቹ ቢሮዎች ወንበርና ጠረጴዛ ሲሠራ ይውላል። እናቷ ደግሞ በአንድ ክሊኒክ ውስጥ በጽዳት ትሠራለች።

አንድ ቀን አያቷ ከጎግ ወረዳ በመጣ የጭነት መኪና አንዲት ነጭ ዶሮ ላኩላት። «ይህች የአባንግ ናት» ብለው ነው የላኩት። አባንግ ከዚያ በፊት የኔ የምትለው ነገር ኖሯት አያውቅም። ደስ ብሏት የዶሮዋን እግር ፈታችና ከእናቷ ስድስት ዶሮዎች ጋር ለቀቀቻት።

ልጆች፣ ዶሮ እንግዳ አይወድም። ስድስቱ መጀመሪያ ከምግብ አባረሯት። ቀጥሎ አንዷ ጀርባዋን ነቆረቻት። ደም ታየ። ደሙን ሲያዩ ሁሉም መጡ። አባንግ ጮኻ እናቷን ስትጠራ የነጯ ዶሮ ጀርባ ላባው ተነጭቶ ሥጋዋ ይታይ ነበር።

እናቷ ዶሮዋን አንስታ አየቻት። «ትድናለች» አለች። «ግን ሥራ አለው። ያንቺ ናት፤ ሥራውም ያንቺ ነው። ትችያለሽ?»

«እችላለሁ» አለች አባንግ።

«እንግዲያው ስሚኝ። በቅርጫት አድርገሽ ቤት ውስጥ ለይተሽ አስቀምጫት። ቁስሏን ጠዋት ጠዋት ለብ ባለ የጨው ውኃ እጠቢላት። ላባ እስኪሸፍናት ከሌሎቹ ጋር እንዳትቀላቅያት። የዳነች ቢመስልሽም እንኳ። ዶሮ ደም ካየ አይተውም።»

እናቷ ከክሊኒኩ ነርስ ለምና ሰማያዊ የቁስል መድኃኒት አመጣችላት። አባንግም ስምንት ቀን ሙሉ በትጋት ሠራች። ጨው በውኃ ታሟሟለች። በንጹሕ ጨርቅ ቁስሉን ታጥባለች። መድኃኒቱን ትቀባለች። በቆሎ ከክካ በመዳፏ ታበላታለች። ነጯ ዶሮ በመጀመሪያ ትንፈራገጥ ነበር። በኋላ ግን አባንግ ስታጥባት ዓይኗን ጨፍና ጸጥ ትላለች። ሰው የሚያምን እንስሳ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ነበረች።

በዘጠነኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ እናትና አባቷ ሥራ ሄዱ። አባንግ ቅርጫቱን አጥባ ፀሐይ ላይ አሰጣችው። እስኪደርቅ ድረስ ዶሮዋን ታቅፋ በራፉ ላይ ተቀመጠች። ያን ጊዜ ጓደኛዋ ኤልሳ እየሮጠች መጣች።

«አባንግ፣ ተነሺ። ሜዳው ላይ በዓል አለ። ከየወረዳው ጨፋሪዎች መጥተዋል። ከበሮው አይሰማሽም?»

«ቅርጫቱ አልደረቀም። እሷን የት ላድርጋት?»

«ከሌሎቹ ጋር ልቀቂያት። ድናለች እኮ።»

አባንግ የዶሮዋን ጀርባ አየች። ቁስሉ ቅርፊት ይዟል። ግን በቅርፊቱ ዳር አንዲት ቀይ ነጥብ ነበረች። አባንግ ነጥቧን አይታለች፤ አላየሁም ማለት አትችልም። ከበሮው ተመታ። አባንግ ዶሮዋን መሬት ላይ አስቀመጠቻትና ከኤልሳ ጋር ሮጠች።

ስትመለስ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። ነጯ ዶሮ በአጥሩ ጥግ ወድቃ አገኘቻት። ለመሸሽ ሞክራ አንገቷን በአጥሩ ቀዳዳ አስገብታለች፤ አካሏ ግን አላለፈላትም። ሁለት ዶሮዎች አሁንም ይነቁሯት ነበር። አባንግ አባረረቻቸው። ምን ያደርጋል፣ ነጯ ዶሮ ሞታለች።

አባንግ አለቀሰች። ከዚያ ፈራች። ዶሮዋን ከቤቱ ጀርባ የቆሻሻ ጉድጓድ ውስጥ ጣለቻትና አመድ አለበሰቻት።

እናቷ ስትመጣ «ዶሮሽስ?» አለቻት።

አባንግ እውነቱን ልትናገር ነበር። ምላሷ ግን ቀደማት። «የአባባ ቾል ውሻ በላት» አለች።

አባባ ቾል ጎረቤታቸው ነበሩ። የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ዘበኛ ናቸው። ልጆቻቸው በጦርነቱ ዘመን ተበትነው ብቻቸውን ይኖራሉ። ያላቸው አንድ ቡኒ ውሻ ነው። «እኔና እሱ ሁለት ዘበኞች ነን፤ ደመወዝ የሚበላው ግን አንዱ ብቻ ነው» እያሉ ሕፃናቱን ያስቁ ነበር። እሳቸው ኑዌር ናቸው፤ እነአባንግ አኝዋክ ናቸው። የሚነጋገሩት በአማርኛ ነው። በዚያ ዓመት ሰፈር ከሰፈር ተኳርፎ ስለነበር ወሬውን የሰሙት ጎረቤቶች «ድሮስ የሱ ውሻ!» አሉ። ላጣራ ያለ አንድም ሰው አልነበረም።

ኦሞት በግቢው ተበትኖ ካገኘው ነጭ ላባ ጥቂት ይዞ፣ አባንግንም አስከትሎ ሄደ። አባባ ቾል በደጃፋቸው ተቀምጠው ነበር። ውሻው ከእግራቸው ሥር ተኝቷል።

«አባባ ቾል፣ ውሻዎ የልጄን ዶሮ በልቷል» አለ ኦሞት።

ሽማግሌው ላባውን ተቀብለው አገላበጡት። «በዓይኗ አይታለች?»

«አይቻለሁ ብላለች።»

አባባ ቾል ወደ አባንግ ዞሩ። ረጅም ጊዜ አዩዋት። አሁን ብትናገር ኖሮ ሁሉም ነገር ይድን ነበር። አባንግ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

«ልጅ በምትወዳት ዶሮ አትዋሽም» አሉ አባባ ቾል። «የጎረቤት ዶሮ የቀመሰ ውሻ ደግሞ አይተውም። እኔ አጠፋዋለሁ።»

ኦሞት ደነገጠ። «አይ፣ እንዲያው ቢያስሩት ይበቃል። ወይ ለሰው ይስጡት።»

«እንዴት አድርጌ ነውር ያለበትን ለሰው እሰጣለሁ?» አሉ።

ሰኞ ጠዋት አባባ ቾል ውሻውን በገመድ ይዘው ወደ ወንዙ ወረዱ። ውሻው ጅራቱን እየቆላ ነበር የሚከተላቸው። ሲመለሱ በእጃቸው ገመዱ ብቻ ነበር። አባንግ በአጥሩ ቀዳዳ አየቻቸው። ምሳዋን አልበላችም። እናቷ በዶሮዋ አዝና መስሏት ራሷን ደባበሰቻት።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ከሦስት ቀን በኋላ አባባ ቾል እግሯን የታሰረች ቀይ ዶሮ ይዘው መጡ። «በዚያችኛዋ ምትክ ትሁንሽ» አሉ። «ጥሩ ዕንቁላል ጣይ ናት።» አባንግ በሁለት እጇ ተቀበለች።

ሽማግሌው እንደሄዱ እናቷ «ይህችስ ትልቅ ናት፤ አይደፍሯትም» ብላ ቀይዋን ዶሮ ፈታ ለቀቀቻት። ወዲያው አንዷ ነቆረቻት። ሌላዋም ተከተለች። በቀይ ላባዋ ላይ ደም ሲታይ አባንግ ዝም ብሎ ማየት አቃታት። ከመሃላቸው ገብታ ዶሮዋን አነሳቻትና ታቅፋት ከግቢው ወጣች። እናቷ ብትጠራትም አልቆመችም።

አባባ ቾል ገና ከበራቸው አልደረሱም ነበር።

«አባባ ቾል፣ ዋሽቻለሁ» አለች። «ውሻው አልነካትም። እኔ ነኝ ትቻት የሄድኩት። ዶሮዎቹ ናቸው የገደሏት። እኔ ነኝ አመድ ያለበስኳት።»

ሽማግሌው ቀስ ብለው በድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ስወስደው ጅራቱን ይቆላ ነበር» አሉ። «አሣ ልናጠምድ የምንሄድ መስሎት ነው።»

አባንግ በጉልበቷ ተንበርክካ አለቀሰች። «ይቅር ይበሉኝ።»

አባባ ቾል ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዞሩ። «እግዚአብሔር እኔንም ይቅር ብሎኛል፤ እኔም ይቅር ብዬሻለሁ» አሉ። «ዛሬ ግን ፊትሽን ማየት አልችልም። ዶሮዋን ተይልኝና ሂጂ። ነገ ነዪ።»

ማታ አባንግ ለእናትና ለአባቷ ሁሉንም ተናገረች። ኦሞት ልጁን አልመታትም። እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ «ላባውን ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ» ብቻ አለ። እሑድ ዕለት አባትና ልጅ በቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ ፊት ቆሙ። አባንግ የሠራችውን በገዛ አፏ ተናገረች። «ድሮስ የሱ ውሻ» ብለው የነበሩት ጎረቤቶች አንገታቸውን ደፉ። ከእነርሱ ሁለቱ ወደ አባባ ቾል ሄደው ይቅርታ ጠየቁ። ሌሎቹ አልሄዱም።

አባንግ እንደተባለችው በማግስቱ ሄደች። ከዚያም በኋላ በየቀኑ ትሄድ ነበር። የቀይዋን ዶሮ ቁስል በጨው ውኃ ታጥባለች፤ መድኃኒት ትቀባለች። አንድም ቀን አላቋረጠችም። ላባዋ ሙሉ በሙሉ እስኪሸፍናት ሦስት ሳምንት ፈጀ፤ ዶሮዋም ዳነች። አባባ ቾል አባንግ ስትመጣ በርጩማ ያወጡላታል፤ የጠየቀቻቸውንም ይመልሳሉ። የድሮውን ቀልድ ግን ዳግመኛ አልቀለዱም። ሌላ ውሻም አላሳደጉም።

ልጆቼ፣ ለተሰጣችሁ አደራ ታመኑ፤ ስታጠፉም ያኔውኑ እውነቱን ተናገሩ፤ ምክንያቱም ንስሐ ከእግዚአብሔርና ከሰው ያስታርቃል እንጂ በውሸታችን የጠፋውን ሕይወት አይመልስም።