ድንቢጥና የትኩሳቱ ሽሮፕ

ድንቢጥ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ድንቢጥ የቤት ስሟ ነው። ትንሽ ስለሆነችና አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማይሆንላት አባቷ ያወጣላት ስም ነው። የምትኖረው ከእናቷ የልብስ ስፌት ሱቅ በላይ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው የሚውለው። ድቡሽ የሚባል የሦስት ዓመት ወንድምም አላት። ጉንጩ ክብ፣ ሆዱ ክብ፣ ሲቆጣ እንኳ የሚያስቅ ልጅ ነው።

እናቷ ከታች ስትሰፋ የላይኛው ወለል ትርርር ይላል። ትርርር ካለ እማ ሥራ ላይ ናት። ዝም ካለ እማ ደረጃውን ልትወጣ ነው። ድንቢጥ ይህን አሳምራ ታውቃለች።

አንድ ቀን እናቷ ከእጅ መታጠቢያው በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ አንዲት ነጭ ሳጥን ሰቀለች።

"ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል" አለች። "አባትሽ ሩቅ ነው፣ እኔ ሥራ ላይ ነኝ። ለትንሽ ቁስልም ለትንሽ ትኩሳትም የሚሆን ነገር ቤታችን ይኑር።"

ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ መድኃኒት ቤት ሄዱ። የመድኃኒት ቤቷ ሴት መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ ዕቃውን አንድ በአንድ ባንኮኒው ላይ ደረደረችላቸው። ፋሻ፣ ጥጥ፣ የቁስል ፕላስተር። ቁስል የሚጸዳበት ፈሳሽ። የሙቀት መለኪያ። ተቅማጥ ሲይዝ በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት። በመጨረሻ ቀይ የትኩሳት ሽሮፕ ከነመለኪያ ማንኪያው አወጣች።

"ይቺ እንጆሪ እንጆሪ ትሸታለች" አለች ለድንቢጥ፣ ጣቷን እያወዛወዘች። "ግን ከረሜላ አይደለችም። መድኃኒት ናት። በልክ፣ በትልቅ ሰው እጅ ብቻ። ሰማሽኝ?"

"ሰማሁ።"

ቤት ሲደርሱ እናቷ ዕቃውን ድንቢጥ ራሷ እንድታስቀምጥ ፈቀደችላት። ሽሮፑን ከላይ፣ ፋሻውን ከታች አደረገች። እንዴት ደስ አላት!

"ጎበዝ የኔ ልጅ። ግን ያለ እኔ እንዳትከፍቺው። እሺ?"

"እሺ፣ እማ።"

ልጆች፣ "እሺ" ማለት አፍ ላይ በጣም ቀላል ነው። የሚከብደው እጅ ላይ ሲደርስ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ድቡሽ ተኝቷል። ከታች ትርርር ይላል። ድንቢጥ ብቻዋን ናት። ያቺ የእንጆሪ ሽታ ትዝ አለቻት። "ላሽትተው ብቻ" አለች። በርጩማ ላይ ወጣች። ሳጥኑን ከፈተች። አሸተተች። "አንድ ጠብታ ልቅመስ ብቻ" አለች ደግሞ። በጣቷ ቀመሰች።

በዚህ ጊዜ የስፌት መኪናው ድምፅ ቀጥ አለ።

ድንቢጥ ክው አለች። ጠርሙሱ ከእጇ አምልጦ መታጠቢያው ውስጥ ወደቀ። አልተሰበረም። ግን ቀዩ ሽሮፕ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ወደ ቱቦው ወረደ። አፈፍ አድርጋ ስታነሣው ታቹ ላይ ጥቂት ብቻ ቀርቶ ነበር። እስትንፋሷን ይዛ ደረጃውን አዳመጠች። ማንም አልመጣም። እናቷ ክር እየቀየረች ኖሯል። ወዲያው ወለሉ እንደገና ትርርር አለ።

እስቲ እዚህ ጋ ቆም እንበል፣ ልጆች። በዚያች ደቂቃ ወርዳ "እማ፣ ደፋሁት" ብትል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። እናቷ ትቆጣለች፣ እሷ ታለቅሳለች፣ አለቀ። ድንቢጥ ግን ቁጣውን ፈራች። ከደብተር ቦርሳዋ ቀያይ ከረሜላዎች አውጥታ በሙቅ ውሃ አሟሟች። ጠርሙሱን እስከ ነበረበት ድረስ ሞላችው። ክዳኑን ጠረቀመች። በቦታው መለሰችው። ሲያዩት ያው ቀይ ሽሮፕ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲያ ሳጥኑ የሚያያት ይመስላት ጀመር። እጇን ስትታጠብ ቀና አትልም። እናቷ ወደ ግድግዳው በዞረች ቁጥር ሌላ ወሬ ታመጣለች። "ግዴለም፣ ማንም አይታመምም" እያለች ራሷን ታጽናናለች።

ድቡሽ ግን ታመመ።

ዝናብ ያለበት ቀን ነበር። ድንቢጥ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሱቁ ተዘግቷል፤ የስፌት መኪናው ጸጥ ብሏል። እየሮጠች ወጣች። ድቡሽ አልጋው ላይ ተጋድሟል። እነዚያ ክብ ጉንጮቹ እንደ ፍም ቀልተዋል። እናቷ የሙቀት መለኪያውን ከብብቱ አውጥታ ወደ መስኮቱ ያዘችው።

"ሠላሳ ዘጠኝ!" አለች። "ከምሳ በፊት ሽሮፑን ሰጥቼው ነበር እኮ። አሁን ሰዓቱ ደርሷል፣ ልድገምለት።"

ጠርሙሱን ከሳጥኑ አወጣች። በማንኪያው በጥንቃቄ ለካች። "አይዞህ የኔ ጌታ። ይኸው መድኃኒትህ።" ድቡሽ ዋጠ። ከንፈሩን ላሰ።

ድንቢጥ በሩን ይዛ ቆማለች። ተናገሪ፣ አሁን ተናገሪ ይላታል ልቧ።

"አንቺ ደግሞ ምን ሆነሽ?" አለች እናቷ። "ፊትሽ አመድ መሰለ።"

"ም... ምንም።"

ጠበቁ። እናቷ ጨርቅ እያረጠበች ገላውን ታብስለታለች። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። ትኩሳቱ እንደመውረድ ወደ ላይ ወጣ። እናቷ ጠርሙሱን አንሥታ አየችው፤ ነቀነቀችው። "ምነው ይሄ መድኃኒት?" አለች ለራሷ። ድንቢጥ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ድንገት የድቡሽ ዓይኖች ወደ ላይ ተገለበጡ። እጁና እግሩ ደርቆ ይንዘፈዘፍ ጀመር።

"ልጄን! ኧረ ልጄን! የሰው ያለህ!"

ጩኸቱን የሰማው ጎረቤታቸው ዳቦ ጋጋሪው ነው። እጁ ዱቄት እንደሆነ ደረሰ። "ኑ፣ ግቡ! ግቡ!" እያለ ዳቦ ማመላለሻ መኪናው ውስጥ አስገባቸው። እናቷ ድቡሽን ታቅፋ ስሙን ትጠራለች። ድንቢጥ እግሮቹን ይዛለች። መንዘፍዘፉ መንገድ ላይ ቆመ። ግን እንደ ጨርቅ ዝሏል፤ ሲጠሩት አይሰማም። ትንንሽ እግሮቹ ያቃጥላሉ። "ጌታ ሆይ፣ አትውሰድብኝ" ትላለች ድንቢጥ በልቧ። "እኔ ነኝ፣ እሱ ምንም አላደረገ።"

ሐኪም ቤት ደረሱ። ሐኪሙ ድቡሽን ተቀብሎ አልጋ ላይ አስተኛውና ደረቱን አዳመጠ።

"ምን ሰጡት፣ እናት?"

እናቷ ጠርሙሱን ከኪሷ አወጣች። "ይህን ነው፣ ዶክተር። ሁለት ጊዜ። በልኩ ነው የሰጠሁት።"

ሐኪሙ የተለጠፈውን ጽሑፍ አነበበ። ፊቱ ከበደ።

"እንግዲህ ይህንኑ መድኃኒት አሁን መድገም አልችልም። ከልክ ካለፈ ጉበቱን ይጎዳዋል። ይህን ሁሉ ወስዶ ትኩሳቱ እንዲህ ከወጣ ደግሞ ከባድ በሽታ እጠረጥራለሁ። ከጀርባው በመርፌ ፈሳሽ ወስደን ማየት ሊኖርብን ነው።"

እናቷ የአልጋውን ብረት ያዘች። ዳቦ ጋጋሪው ደገፋት። ነርሷ መርፌውን ልታዘጋጅ ዞረች።

ድንቢጥ መርፌውን አየች። የእናቷን ፊት አየች። እናቷን እንደዚያን ቀን ፈርታት አታውቅም። ግን ድቡሽ ዝም እንዳለ ነው።

"ጌታ ሆይ፣ አፌን ክፈትልኝ" አለች በሹክሹክታ። ከዚያም ጮኸች፦

"ሽሮፑ ሽሮፕ አይደለም! ከረሜላ ነው!"

ነርሷ ዞር አለች።

"ምን አልሽ?" አለች እናቷ።

"ደፋሁት። ቅዳሜ ዕለት ደፋሁት። ከረሜላ በውሃ አሟምቼ ሞላሁበት። መድኃኒት አልወሰደም፣ እማ። ምንም አልወሰደም!"

ሐኪሙ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተ። በርከክ ብሎ ዓይኗን እያየ ጠየቃት።

"ሌላ የጨመርሽበት ነገር አለ? ከቤት ውስጥ ሌላ ፈሳሽ?"

"የለም። ከረሜላና ውሃ ብቻ። እውነቴን ነው።"

"ጎሽ። ይህን ማወቅ ነበረብኝ።" ወደ ነርሷ ዞረ። "የትኩሳቱን መድኃኒት ስጭው። መርፌው ለጊዜው ይቆይ።" ከዚያ የድቡሽን አፍ ከፍቶ በባትሪ አየ። "ይኸውላችሁ! ቶንሲሉ እንዴት አብጧል! ትኩሳቱ ከዚህ ሳይሆን አይቀርም። እስቲ እንጠብቅ።"

ያ ጥበቃ እንዴት ረዘመ! እናቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ወደ ድንቢጥ አትዞርም። አልተቆጣችም፤ አልተሳደበችም። ድንቢጥ ግድግዳው ሥር ቆማ፣ ቁጣው በመጣልኝ እያለች ተመኘች። ሐኪሙ እየተመላለሰ ድቡሽን ይነካካል።

ቀስ እያለ የድቡሽ ግንባር ላብ አወጣ። ዓይኑን ገለጠ። ዙሪያውን አየ፤ አፍንጫውን ወደ ጋጋሪው ልብስ አዞረና "ዳቦ ይሸታል" አለ።

ዳቦ ጋጋሪው ሳቅም ልቅሶም ቀላቀለው። ሐኪሙ እፎይ አለ። "ዳነ በሉት" አለ።

ድንቢጥ እናቷ እግር ሥር ተንበረከከች። "እማ፣ ይቅር በይኝ።"

እናቷ አሁን አየቻት። "በገዛ እጄ እኮ ነው፣ ድንቢጥ" አለች። "በገዛ እጄ የከረሜላ ውሃ እያጠጣሁ፣ አይዞህ መድኃኒት ነው አልኩት።"

ድንቢጥ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። የሠራችው ነገር ሙሉ ክብደቱ ያኔ ነው የተሰማት።

"ተቆጥቻለሁ" አለች እናቷ። "ነገም ተቆጥቼ ነው የምነቃው። ግን ሰው ሁሉ እያየሽ፣ እየፈራሽ፣ እውነቱን ተናገርሽ። ያ ነው ወንድምሽን የረዳው። ነይ ወደዚህ።" እቅፏ ውስጥ አስገባቻት። ሁለቱም አለቀሱ።

ቤት ሲገቡ እናቷ ሳጥኑን ከፍታ ፈሳሽ የሆነውን ሁሉ ደፋች።

"ይሄን እኮ አልነካሁትም፣ እማ" አለች ድንቢጥ።

"እንዳልነካሽው ላምንሽ እፈልጋለሁ፣ ልጄ። ዛሬ ግን አልቻልኩም።"

ይህች ቃል ከዱላ በላይ አመመቻት። የእናቷን እምነት መልሳ ለማግኘት ብዙ ጊዜ ፈጀባት። ትንሽ ስታጠፋ ትንሹን እየተናገረች፣ ብርጭቆ ስትሰብር ስብርባሪውን ይዛ እየመጣች፣ ቀስ በቀስ አገኘችው።

ልጆቼ፣ የደበቅነው ጥፋት በሌላው ላይ ይወድቃልና፣ ስታጠፉ ቁጣ ቢያስፈራችሁም እንኳ እውነቱን ወዲያው ተናገሩ።